ካልሲየም ቆዳን ይዘጋልን? ስለ ማዕድናትና ስለ ጨው መተላለፍ የቀረበ ሒስ

በሥነ ሕይወት ትምህርት በቃል ከሚያዙት አጫጭር አነጋገሮች አንዱ «ሶዲየም በእንቁራሪት ቆዳ ያልፋል፤ ካልሲየም ግን ቆዳውን ይዘጋዋል» የሚለው ነው። አነጋገሩ ለማስታወስ ይቀላል፤ ለፈተናም ይመቻል። ከየት እንደ መጣ፥ በምን ዓይነት ውኃ እንደ ተፈተነ፥ ስለ የትኛው እንስሳ እንደ ተነገረ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አነጋገር ከነመሠረቱ መመርመር ነው። የምንደርስበትን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፥ አነጋገሩ የቆመባቸው ሙከራዎች እውነተኞችና የሚደነቁ ናቸው። ዳሩ ግን ሙከራዎቹ የተደረጉበት ውኃ እንቁራሪት የምትኖርበት ውኃ አይደለም። ስለዚህ ከቤተ ሙከራ ወጥተን በጋፋት ሜዳ ላይ ስለምትኖረው እንቁራሪት ስንናገር አነጋገሩን እንዳለ ልንወስደው አይገባንም።

ጋፋትን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ የሚገኝ ስፍራ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ የአውሮፓ ባለ እጆችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ባሠሩበት ታሪክ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለእኛ ጉዳይ ግን ከመድፉ ይልቅ ውኃው ይበልጥብናል። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋ ሲሆን፥ በአቅራቢያው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራ አለ። ጉና የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ ከእርሱ አካባቢ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ይወርዳሉ። ውኃው ያን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እያጠበ ሲወርድ ካልሲየም፥ ማግኒዚየምና ሶዲየም ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ስለ ማዕድናትና ስለ ቆዳ ለሚጠይቅ ተማሪ ጥያቄው በእንዲህ ያለ አገር በየምንጩና በየኩሬው ተደቅኖለታል ማለት ነው።

የሞተ ቆዳና ሕያው ቆዳ

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን ጨውና ቆዳ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ጥሬ ቆዳ የሚነግዱ ሰዎች ቆዳው እንዳይበሰብስ ጨው ይነሰንሱበታል። ጨው ወደ ቆዳው ይሰርጋል፤ ውኃው ከቆዳው ይወጣል፤ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያንም መኖር ያቅታቸዋል። በዚህ ሥራ የጨው አካሄድ ምንጊዜም ከበዛበት ወዳነሰበት ነው። በሁለቱም ወገን ሲተካከል ጉዞው ያበቃል። ቆዳው በዚህ ጉዳይ ምርጫ የለውም። በአጭሩ የሞተ ቆዳ ለጨው እንደ ወንፊት ነው።

በትምህርት ቤት ስለ ኦስሞሲስ ሲሰጥ የሚታየው ሙከራም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። የእንቁላል ስስ ሽፋን ወይም ሴሎፋን ይወጠርና በአንዱ ወገን የስኳር ውኃ፥ በሌላው ወገን ንጹሕ ውኃ ይደረጋል፤ የስኳሩም ውኃ ከፍ ሲል ይታያል። ሙከራው ለኦስሞሲስ መልካም ምሳሌ ነው። ጉዳቱ ተማሪው ሕያው ቆዳም እንዲሁ ያለ ወንፊት ነው ብሎ መሄዱ ነው። ቆዳ ወንፊት ከሆነ የማዕድናት ሥራ የወንፊቱን ዓይን ማጥበብና ማስፋት ብቻ ይሆናል። «ካልሲየም ይዘጋዋል» የሚለው አነጋገር በቀላሉ የሚዋጥልን ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ሕያው የእንቁራሪት ቆዳ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን የተባለው የበርሊን ሊቅ በቆዳው የውጭና የውስጥ ወገን መካከል የኤሌክትሪክ ልዩነት መኖሩን አገኘ። በ1937 ደግሞ ዴንማርካዊው አውጉስት ክሮግ ጨው የጐደላት እንቁራሪት እጅግ ቀጭን ከሆነ የጨው ውኃ እንኳ ክሎራይድን በቆዳዋ እየሳበች እንደምታስገባ አሳየ። ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በእንቁራሪት ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም በአንድ ሊትር 100 ሚሊሞል ያህል ነው፤ በወንዝ ውኃ ውስጥ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊሞል እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ጨው የሚሄደው ካነሰበት ወደ በዛበት፥ ሽቅብ ነው ማለት ነው። ይህም ኀይል ይጠይቃል፤ ኀይል የሚያወጣውም ሕያው ሕዋስ ብቻ ነው።

የኮፐንሃግን ሙከራ

ለዚህ ሽቅብ ጉዞ ጥርት ያለ ማስረጃ የቀረበው በ1951 ነው። ሐንስ ኡሲንግና ካርል ዜራን በኮፐንሃግን የእንቁራሪት ቆዳ ገፈው በሁለት ክፍሎች መካከል እንደ ግድግዳ ወጠሩት። በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት የሪንገር ውኃ፥ ማለት በጨው መጠኑ ደምን የሚመስል ውኃ አፈሰሱ። ቀጥሎም ከውጭ ኤሌክትሪክ እየላኩ በቆዳው ሁለት ወገኖች መካከል ያለውን ልዩነት ወደ ዜሮ አወረዱት። በዚህ ጊዜ የጨው ብልጫ የለም፤ የኤሌክትሪክ ብልጫም የለም፤ ቆዳው ወንፊት ቢሆን ኖሮ ወደ ውስጥ የሚገባውና ወደ ውጭ የሚወጣው እኩል በሆነ ነበር። ሆኖም ሶዲየም ከውጭ ወደ ውስጥ በብልጫ ይሄድ ነበር። ጨረር በሚሰጥ ሶዲየም ሲለካም የዚህ ብልጫ መጠን ልዩነቱን ለማጥፋት ከሚላከው የኤሌክትሪክ ፍሰት ጋር ተስማምቶ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተብራራ። በ1957 ይንስ ስኩ በኦርሁስ ከሸርጣን ነርቭ ላይ ሶዲየምን የሚያስወጣና ፖታሲየምን የሚያስገባውን የሕዋስ ፓምፕ አገኘ፤ ለዚህም በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በ1958 ቫልቦርግ ኮፎድ ዮንሰንና ኡሲንግ የቆዳውን አሠራር በሁለት በሮች ገለጹት። በውጭ በኩል ሶዲየም ወደ ሕዋሱ የሚገባበት በር አለ፤ በውስጥ በኩል ደግሞ ፓምፑ ሶዲየሙን ወደ ደም ይገፋዋል። በ1962 ፒተር ከራንና ጊል ካልሲየም በውጭው ወገን ሲጨመር የሶዲየሙ ጉዞ እንደሚቀንስ፥ ይህም የሚሆነው የውጭው በር ስለሚጠብ መሆኑን አስረዱ። ከላይ የጠቀስነው አነጋገር ሥሩ ይህ ነው።

እነዚህን ሥራዎች የምናከብራቸው መሆናችንን ደግመን እንናገራለን። ኡሲንግ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ውኃ ያደረገው ሳያውቅ አይደለም፤ ሌላውን ምክንያት ሁሉ አስወግዶ የሕዋሱን ሥራ ብቻ ለማየት ነው። አሳቡም ግቡን መትቷል። የምንነቅፈው ለአንድ ጥያቄ የተሠራውን መሣሪያ ለሌላ ጥያቄ መልስ አድርጎ መውሰድን ነው። ነቀፌታችንም ሦስት ነው።

አንደኛው ነቀፌታ፤ ስለ ውኃው

በሪንገር ውኃ ውስጥ ያለው ሶዲየም በሊትር 110 ሚሊሞል ያህል ነው። ይህም ከብዙ ወንዞች ሶዲየም ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ከዚህ ሁሉ ሶዲየም አጠገብ ጥቂት ሚሊሞል ካልሲየም ቢጨመር ካልሲየሙ አናሳ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ በሚወርድ ጣፋጭ ውኃ ግን ሁለቱም ጥቂት ናቸው፤ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ሊተካከል፥ አልፎም ሊበልጠው ይችላል። ስለዚህ ከራንና ጊል የመረመሩት የሁለቱ ማዕድናት ተመጣጣኝነት እንቁራሪቷ በመስክ የምታገኘው አይደለም።

ይህም ብቻ አይደለም። በሪንገር ውኃ ውስጥ ሶዲየም በውጭው በር ሲገባ ቁልቁል ይሄዳል፤ በውጭ ብዙ፥ በሕዋሱ ውስጥ ጥቂት ነውና። በወንዝ ውኃ ግን ከውጭ ያለው ሶዲየም በሕዋሱ ውስጥ ካለው ያነሰ ነው። እንዲገባ በኤሌክትሪክ መሳብ አለበት። በ1980ዎቹ የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት፥ በቀጭን ውኃ ውስጥ ይህን መሳብ የሚያግዘው በቆዳው አንዳንድ ሕዋሳት ላይ ያለ ሃይድሮጅንን የሚያስወጣ ሌላ ፓምፕ ነው። ሁለቱን ወገኖች በሪንገር ውኃ የሞላ ሰው ይህን ፓምፕ ሥራ አስፈትቶታል፤ ሥራ የፈታውንም አያየውም።

ሁለተኛው ነቀፌታ፤ ስለ ካልሲየም

«ይዘጋዋል» ሲባል ምኑን ነው የሚዘጋው? በአንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። ጨው በቆዳ ውስጥ የሚሄድበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ በሕዋሱ ሆድ ውስጥ፥ ሁለተኛው በሕዋስና በሕዋስ መካከል ባለው ስፌት። ከራንና ጊል የተናገሩት ስለ መጀመሪያው ነው፤ በዚያ መንገድ ካልሲየም የሶዲየምን መግባት ይቀንሳል። በሁለተኛው መንገድ ግን ካልሲየም የስፌቱ ክር ነው ሊባል ይቻላል። በ1960ዎቹ በጉርጥ የሽንት ፊኛ ላይ በተደረገ ምርመራ እንደ ታየው፥ ካልሲየም ፈጽሞ ሲወገድ ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ይላቀቃሉ።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። በጣፋጭ ውኃ ለሚኖር እንስሳ ጭንቁ የጨው አለመግባት ብቻ ሳይሆን የጨው መውጣትም ነው። ደሙ ጨዋማ፥ ውኃው አልጫ ስለ ሆነ ጨው በየስፌቱ ሾልኮ ለመውጣት ዘወትር ይታገላል። ካልሲየም ባነሰበትና ኮምጣጣነት ባለበት ውኃ ዓሦችና የእንቁራሪት ጫጩቶች ሶዲየማቸውን በፍጥነት እንደሚያጡ፥ ካልሲየም ሲጨመርም ጥፋቱ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። እንግዲህ በቤተ ሙከራ «የጨውን ጉዞ ይቀንሳል» ተብሎ እንደ እንቅፋት የተመዘገበው ማዕድን፥ በኩሬው ውስጥ የእንስሳው ጨው ጠባቂ ነው። አንድ ሰው አጥሩን ሲያጠብቅ ከውጭ የሚገባበትን ብቻ ቈጥረን ከሰረ ብንል፥ ከውስጥ ሊወጣበት የነበረውን ሳንቈጥር መቅረታችን ነው። የኤሌክትሪክ ፍሰትን ብቻ መለካት የዚህ ዓይነት ሒሳብ ነው።

ሦስተኛው ነቀፌታ፤ ስለ መዳብና ስለ ክሎራይድ

ኮፎድ ዮንሰንና ኡሲንግ በ1958 የሶዲየምን በር ለይተው ለማየት ሲፈልጉ ክሎራይድ አስቸገራቸው፤ ክሎራይድ ሶዲየሙን እየተከተለ ሲያልፍ የኤሌክትሪኩን ልዩነት ይቀንሰዋልና። ስለዚህ ወይ ክሎራይዱን በሰልፌት ተኩት፥ ወይ ጥቂት መዳብ ጨምረው ለክሎራይድ የሚሆነውን መንገድ አጠበቡት። ይህ ለጥያቄያቸው ብልኀት ነው። የሚያሳዝነው በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ላይ ክሎራይድ ሶዲየምን ከመከተል በቀር የራሱ ሥራ የሌለው ሎሌ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ክሮግ ግን በ1937 የጀመረው ከክሎራይድ ነበር። በ1969 በቺሊ እንቁራሪት ላይ በሕይወት ሳለች በተደረገ ምርመራ፥ በቀጭን ውኃ ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ እንደሚገቡ ታወቀ። አንዱ የሌላው ተከታይ አልነበረም። ይህ የመዳብን ጉዳይ በአዲስ ዓይን እንድናይ ያደርገናል። መዳብ የክሎራይድን መንገድ የሚያጠብ ከሆነ፥ ማዕድን በቆዳ ላይ የሚሠራው ሥራ በሶዲየም ብቻ ሊመዘን አይችልም። ለአንዱ ጨው ምንም ያላደረገ የሚመስለው ማዕድን ለሌላው መንገድ ዘግቶ ሊገኝ ይችላል።

በጋፋት ምን ይደረግ?

ነቅፎ መተው ቀላል ስለ ሆነ፥ የሚሻለውን መጠቆም ይገባናል። ለዚህም ከራሱ ከሪንገር ታሪክ የሚገኝ ትምህርት አለ። ሲድኒ ሪንገር በ1880ዎቹ በሎንዶን የእንቁራሪት ልብን ከአካሏ አውጥቶ በጨው ውኃ ውስጥ እንዲመታ ያደርግ ነበር። ልቡ ብዙ ጊዜ መታ። በኋላ ግን የጨው ውኃው የተዘጋጀው በተጣራ ውኃ ሳይሆን በቧንቧ ውኃ መሆኑ ታወቀ፤ በተጣራ ውኃ ሲሠራ ልቡ ደከመ። ልዩነቱ በቧንቧው ውኃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው። ሪንገርም ይህን በ1883 አስታወቀ። በስሙ የሚጠራው ውኃ እንግዲህ የተወለደው «ውኃ ሁሉ አንድ አይደለም» ከሚል ግኝት ነው። ዛሬ ያንኑ ውኃ ለአገር ሁሉ እንቁራሪት እንደ አንድ መለኪያ ብንወስደው ከሪንገር ትምህርት መራቅ ይሆንብናል።

ስለዚህ በጋፋትና በአካባቢው የሚደረግ ጥናት በሚከተለው መንገድ ቢሄድ መልካም ይመስለናል። መጀመሪያ ውኃው ይለካ። ካልሲየሙ፥ ማግኒዚየሙ፥ ሶዲየሙ፥ ክሎራይዱና ኮምጣጣነቱ በክረምትም በበጋም ይመዝገብ። በክረምት የዝናብ ውኃ ማዕድኑን ያቀጥነዋል፤ በበጋ ወንዙ ከመሬት ውስጥ በሚመነጭ ውኃ ስለሚቈይ ማዕድኑ ይወፍራል። እንቁራሪቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ውኃ ታያለች ማለት ነው። ቀጥሎ በቆዳው የውጭ ወገን የሪንገር ውኃ ሳይሆን በተለካው መጠን የተዘጋጀ ውኃ ይደረግ፤ በውስጡ ወገን የሪንገር ውኃ ይቈይ። እንዲህ ሲሆን የኡሲንግ የዜሮ ዘዴ ብቻውን እንደማይበቃ እናውቃለን፤ በሁለቱ ወገን ያለው ጨው እኩል አይደለምና። ስለዚህ የሚገባውና የሚወጣው ጨው ለየብቻ መለካት አለበት። በመጨረሻም ሁለቱን መንገዶች ለመለየት አሚሎራይድ የተባለውን መድኃኒት በውጭው ወገን መጨመር ይቻላል። አሚሎራይድ የሕዋሱን የሶዲየም በር ስለሚዘጋ፥ ከእርሱ በኋላ ካልሲየም የሚያመጣው ለውጥ በአብዛኛው የስፌቱ ይሆናል።

እንስሳቱንም መምረጥ ያሻል። ፕቲካዴና የተባለው የእንቁራሪት ወገን በኢትዮጵያ ደጋ ብዙ ዝርያዎች አሉት፤ ከእነርሱም በሌላ አገር የማይገኙ አሉ። እነዚህ እንደ ቤተ ሙከራ ዕቃ በብዛት የሚያዙ አይደሉም። በፈቃድና በቍጥብነት፥ በተቻለም መጠን እንስሳውን ሳይገድሉ የሚሠራ መሆን አለበት፤ ክሮግም ሆነ የቺሊው ምርመራ በሕይወት ባለች እንቁራሪት ላይ ብዙ ማወቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው ስላለ ውኃውን ደጋግሞ መቅዳትና መለካት ከሩቅ ለሚመጣ ተመራማሪ የሚከብደውን ያህል አይከብድም።

ጥያቄው ለምን ያስጨንቀናል?

ይህ ሁሉ ለአንድ የእንቁራሪት ቆዳ ነውን የሚል አንባቢ አይታጣም። መልሳችን እንደሚከተለው ነው። የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃ ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ በብዙ የዓለም ክፍሎች እንቁራሪቶችን ጨርሷል። በ2009 በአውስትራልያ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት ላይ የተደረገ ጥናት የሚገድልበትን መንገድ አሳየ። በታመሙት እንስሳት የጨው መተላለፍ በቆዳቸው ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ የደማቸው ሶዲየም 20 በመቶ ያህል፥ ፖታሲየማቸውም 50 በመቶ ያህል ወረደ፤ በመጨረሻም ልባቸው ቆመ። ጨው በአፋቸው የተሰጣቸው ሕሙማን ግን ዕድሜያቸው ረዝሞ ነበር። ይህ ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ቦታዎችና በብዙ የእንቁራሪት ዓይነቶች ላይ እንደሚገኝ በ2012 በታተመ ጥናት ተገልጿል።

እንግዲህ ጥያቄው የቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። ፈንገሱ የሚያበላሸው ይኸው የጨው በርና ስፌት ነው። በካልሲየም የበለጸገ ውኃ ስፌቱን አጥብቆ የታመመችውን እንቁራሪት ይረዳት ይሆን? ወይስ ለመግባት የሚታገለውን ጥቂት ሶዲየም ጭራሹን ይከለክላት ይሆን? «ካልሲየም ይዘጋዋል» የሚለው አነጋገር ለሁለቱም ጥያቄዎች አንድ መልስ ይሰጣል፤ ስለዚህ ለሁለቱም አይረባም። መልሱ የሚገኘው የመግባቱንና የመውጣቱን መንገድ ለይቶ፥ በእውነተኛው ውኃ ውስጥ በመለካት ነው። ለዚህ ሥራ ወደ ውኃ የሚወርድ ተማሪም ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ሲሻገር ጫማውንና መረቡን አጥቦ ማድረቅ አለበት፤ አለዚያ የሚመረምረውን በሽታ ራሱ ተሸክሞት ይዞራል።

ባልንጀሮቻችን ተማሪዎች ይህን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ አጭሩን አነጋገር ጨርሰው ይጣሉት አንልም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሲናገሩት «በየትኛው ወገን? በየትኛው መንገድ? በምን ውኃ?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ቢጨምሩበት ደስ ይለናል። መምህራኖቻችንም ከሴሎፋኑ ሙከራ ቀጥሎ ሕያው ቆዳ የሚያደርገውን ለማሳየት አንድ ሰዓት ቢጨምሩ፥ ተማሪው ወንፊትንና ሕያው ቆዳን ለይቶ ይሄዳል። የጋፋትን ምንጭ በክረምትና በበጋ ለክቶ ቁጥሩን በዚህ መጽሔት ለሚያወጣ ተማሪም ምስጋናችንን ከወዲሁ እናቀርባለን።